የመጀመሪያው ሲዝን ብሉ ሬይ እየመጣልኝ ነው፤ ዲቪዲውን ልስጠው ወይስ ይቆይ?

ኮከብ_ቆጣሪ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለዚህ ቤት። የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ይመጣል። "ምን ላምጣልህ?" ብሎ ደወለ። የጫማ ቁጥሬን ሊጽፍ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ደግሞ "ስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን፣ የመጀመሪያው ሲዝን፣ ብሉ ሬዩን" አልኩት። ላላወቀ፣ ስለ ጠፈር መርከብ ተጓዦች የሚያወራ ተከታታይ ነው፤ ብሉ ሬይ ደግሞ ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዝ ዲስክ ነው። ትንሽ ዝም አለና "አንተ ልጅ ዛሬም አላደግክም?" አለኝ። አላደግኩም። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት አግኝቶ ገዝቶልኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በ2002 የወጣው ዲቪዲ አለኝ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ)። ሰባት ዲስክ ነው። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኩት። ችግሩ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት ነው። ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ፒካርድ ሻወር ቤት ቆሞ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ብሉ ሬዩ የምር ይለያል? ወይስ ያው ዲቪዲ ተለጥጦ በአዲስ ካርቶን የተሸጠ ነው? የ1987 የቴሌቪዥን ተከታታይ ከየት አምጥቶ ነው ጥርት የሚለው? እዚያ ውስጥ የሌለ ነገር ከየት ይመጣል?

የሳሪስ_ልጅ

ዲስክ የሚገዛ ሰው ዛሬም አለ እንዴ? እኔ ሰባቱንም ሲዝን ፍላሽ ላይ አስሞልቼ ነው የጨረስኩት። የሚሞላው ልጅ "ስታር ዋርስ ነው አይደል?" አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ሰልፍ ነበር።

ደግሞ ከሁሉ ሲዝን የመጀመሪያውን? ወንድሜ፣ እሱ እኮ የሚዘለል ሲዝን ነው። የካፒቴኑ ምክትል ራይከር ጺም እንኳ አላበቀለም።

ሰባተኛ_ዲስክ (ፍራንክፈርት)

ኮከብ፣ ተለጥጦ አይደለም፤ በጭራሽ። እንደ አዲስ ነው የተሠራው። ዝርዝሩን ጋሽ ኔጋቲቭ ሲነሱ ይነግሩሃል፣ እነሱ ጋ ገና ሌሊት ነው።

እስከዚያ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥህ። ያገለገለ ስለሆነ የድምፁን ነገር አጣራ። ሐምሌ 2012 ላይ የወጣው የመጀመሪያው እትም በአንዳንዶቹ ዲስኮች ላይ የድምፅ ስህተት ነበረበት። 7.1 የሚባለው፣ ለብዙ ድምፅ ማጉያ የተዘጋጀው ቅንብር ላይ የፊት ድምፅ ማጉያዎቹ ድምፅ ተዛብቶ ገብቷል። አሳታሚው አምኖ ምትክ ዲስክ ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ላከ። የመጀመሪያው ባለቤት ተክቶት ይሁን አይሁን አታውቅም። አንተ ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ካለህ ብዙ አትጨነቅ። ሜኑው ላይ ገብተህ የጥንቱን ስቴሪዮ ድምፅ ምረጥ፣ እሱ ደህና ነው።

እና የሳሪስ ልጅ፣ ስለ ጺሙ ያልከው ልክ ነው፤ አልከራከርህም።

ጋሽ_ኔጋቲቭ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ተነሥቻለሁ ልጆቼ። ቡና እስኪፈላ ልጻፍ።

ኮከብ፣ "የሌለ ነገር ከየት ይመጣል?" ያልከው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ድሮ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበር የምሠራው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ። አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ። ልጁ ሞቷል። ፎቶው ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ አፍንጫው ላይ ተሰንጥቋል። "ትልቅ አድርጉልኝ" አሉ። እሱን ፎቶ አንስተን ብናሳድገው የሚያድገው ስንጥቁ ነው። ጌታዬ የተነሳበትን ወር ጠየቃቸው። ሣጥን ተፈለገ። ሁለት ቀን ፈጀ። ኔጋቲቩ ተገኘ። ከኔጋቲቩ ስናጥበው ልጁ ግንባሩ ላይ የነበረችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ወጣች። እናቲቱ ያቺን ጠባሳ ሲያዩ የሆኑትን አልጽፈውም።

ያንተም ብሉ ሬይ እንደዚሁ ነው። ተከታታዩ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው፣ እንደ ሲኒማ። ፊልም ውስጥ ብዙ ዝርዝር አለ። ግን ያኔ ጊዜና ገንዘብ ለመቆጠብ የተቀረጸውን ፊልም ወደ ቪዲዮ ቴፕ ገለበጡት። ቆርጦ መቀጠሉም፣ መርከቧን ከከዋክብቱ ጋር ማዋሃዱም፣ ጨረሩም ሁሉ ቴፕ ላይ ነው የተሠራው። ስለዚህ ያለቀለት ክፍል የሚገኘው ቴፕ ላይ ብቻ ነው። የአሜሪካ ቴፕ ደግሞ የሚያሳየው 480 መስመር ነው። የ2002ቱ ዲቪዲህ ያ ቴፕ ነው። ጭጋጉም ከዚያው ነው። የእናቲቱ ጉርድ ፎቶ በለው።

የ1966ቱ የመጀመሪያው ስታር ትሬክ እንዲህ አልነበረም። እሱ እስከ መጨረሻው ፊልም ላይ ነው ያለቀው። አባትየው ሳይቸገር ጠርቶ ሲወጣ ልጅየው ቴፕ ላይ ታስሮ ቀረ።

ለብሉ ሬዩ ግን ሣጥኖቹን ከፈቱ። እያንዳንዱን የተቀረጸ ጥቅል አውጥተው በስካነር አነበቡት። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ከዜሮ ቆርጠው ቀጠሉት። የድሮውን ቴፕ ጎን ለጎን ከፍተው፣ እዚህ ጋ የትኛው ቀረጻ፣ ከየትኛው ሰኮንድ ጀምሮ ነበር እያሉ። ለአንድ ትዕይንት አምስት ጊዜ ተቀርጾ ከሆነ አምስቱም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ትክክለኛውን መፈለግ ነው። ይህን ለሰባቱም ሲዝን አደረጉት። ዲስኮቹ 2012 ላይ መውጣት ጀምረው ሰባተኛው ሲዝን የወጣው ታኅሣሥ 2014 ነው።

ቡናው ገነፈለ። እመለሳለሁ።

የሳሪስ_ልጅ

ጋሼ ጸጥ አሰኙን። እሺ፣ ሰውዬውና ግድግዳው ፊልም ላይ ነበር እንበል። መርከቧስ? እሷ ኮምፒውተር አይደለችም? ኮምፒውተሩ ቴፕ ላይ ከሠራት ኔጋቲቭ የላትም።

ጋሽ_ኔጋቲቭ

ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ነው ደስ የሚለው። መርከቧ ኮምፒውተር አይደለችም። ሞዴል ናት፣ በእጅ የተሠራች። ትልቋ ወደ 2 ሜትር ትጠጋለች። ኮምፒውተር የሚመራው ካሜራ በሐዲድ ላይ አጠገቧ ያልፋል። አንድ ጊዜ በሙሉ መብራት። ከዚያ ካሜራው ወደ መነሻው ተመልሶ ያንኑ መንገድ ፀጉር ሳያዛንፍ ይደግማል፣ አሁን የመስኮቶቹ መብራት ብቻ እየበራ። እንደገና ደግሞ የሞተሮቹ ብርሃን ብቻ። እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ፊልም ላይ አለ። ያኔ እነዚህን ዙሮች ያደራረቧቸው ቴፕ ላይ ነው። አሁን እነዚያኑ ፊልሞች አውጥተው በኮምፒውተር እንደገና ደራረቧቸው። የምታያት መርከብ የ1987ቷ ሞዴል ራሷ ናት።

ቴፕ ላይ ብቻ የተወለዱትን ነገሮች፣ ማለትም የመሣሪያ ጨረሩን፣ ሰው የሚያመላልሰውን ብልጭታ፣ አንዳንድ ፕላኔቶችን፣ እንደ አዲስ ሠሩ። የበረዶ ቅንጣት የምትመስለውን ግዙፍ ፍጡር ታስታውሳላችሁ? ሰው መሳዩ ሮቦት ዳታ ከወንድሙ ከሎር ጋር የተገናኘበት ክፍል። እሷ የምር ኮምፒውተር ነበረች፤ ስለዚህ ድጋሚ ተሠራች። ያንን ክፍል ሐምሌ 23 ቀን 2012 ሲኒማ ቤት ነው ያየሁት። ተከታታዩ 25 ዓመት ሲሞላው፣ ብሉ ሬዩ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለአንድ ምሽት ሁለት ክፍል አሳይተው ነበር። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት ሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ ፈንድሻውን ጨረሰ። እኔ ልክ እንደዚያች እናት ነበርኩ።

ሰባተኛ_ዲስክ

ጋሼ የዘለሉትን ልጨምር። ኔጋቲቩ ያልተገኘበትም ቦታ አለ። ከሲዝኖቹ በፊት፣ ጥር 2012፣ ሦስት ክፍል የያዘ የናሙና ዲስክ ወጥቶ ነበር። ስለ መርከቧ ባልደረባ ስለ ወርፍ አባት በሚናገረው ክፍል ላይ ጥቂት ሰኮንዶች ጠፍተው ከቴፑ ተወስደው ተለጠጡ። እያየህ ድንገት መነጽርህን ያወለቅክ ነው የሚመስልህ። ሲመለስ ደግሞ ይገርምሃል።

ሁለተኛው ሲዝን ደግሞ ለሌላ ሠራተኞች ተሰጥቶ የውጭው የጠፈር ትዕይንት ላይ የመጀመሪያውን ያህል አልተጠነቀቁለትም። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አጉረመረመ፣ እኔን ጨምሮ። ግን ያው ሳጥን ውስጥ ዳታ ንብረት ነው ወይስ ሰው ተብሎ የሚከሰስበት ክፍል ረዘም ብሎ ተካቶበታል፣ ቴሌቪዥን ላይ ያልታየው ጨምሮ። ለሱ ብዬ ይቅር ብያቸዋለሁ። ሁለተኛው ሲዝን በ1988ቱ የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት 22 ክፍል ብቻ ነው፤ "ተጎደለብኝ" ብለህ እንዳትጣላኝ።

ቡናዬ (ሲያትል)

ሰላም ለሁላችሁ። ደስታውን ላደፈርስ ነው፣ ይቅርታ።

ምስሉ ጥርት ባለ ቁጥር "ኮድ ኦፍ ኦነር" የተባለው ክፍል ይብስበታል። ኮከብ፣ ዲቪዲህ ላይ አይተኸዋል። መርከቧ ክትባት ፍለጋ አንድ ፕላኔት ትሄዳለች። የፕላኔቱ ሰዎች ሁሉ ጥቁሮች ናቸው፤ ኩፍታና የሚያብለጨልጭ ልብስ። አለቃቸው ነጯን የጸጥታ ሹም፣ ታሻ ያርን፣ ወደዳትና ጠለፋት። አዎ፣ ጠለፋ። ሚስት ሊያደርጋት። ካፒቴኑም "ባህላቸው ነው፣ እናክብር" እያለ ይለሳለሳል። እኔ የጠለፋን ነገር ከአክስቴ አፍ ነው የሰማሁት፣ ከገዛ ሕይወቷ። "ባህል ነው" የሚለውንም ሰበብ አውቀዋለሁ። ስለዚህ እንደ ሌላው ሰው "ያረጀ ክፍል" ብዬ ማለፍ ያቅተኛል። ተዋናዮቹ ራሳቸው ከዓመታት በኋላ ዘረኛ ክፍል ነበር ብለዋል።

የሚያናድደው፣ በዚያው መርከብ ላይ ጥቁሩ ተዋናይ ሌቫር በርተን አለ። ዓይነ ሥውር ሆኖ መርከብ የሚነዳ፣ ማንም ቀለሙን የማይጠቅስለት። ወርፍን የሚጫወተው ማይክል ዶርንም አለ፣ እሱም ጥቁር። አንድ እጃቸው የሠራውን ሌላው አላየውም።

የሳሪስ_ልጅ

ቡናዬ፣ እኔ እሱን ክፍል ፍላሹ ላይ ዘልዬው ነበር። አሁን ነው ለምን እንደሚዘለል የገባኝ። አለመቁረጣቸው ግን ጥሩ ነው አይደል? ከብሉ ሬዩ አውጥተው ቢጥሉት "አልነበረም" ይሉን ነበር።

ቡናዬ

ይኑር፣ ይኑር። እንደነበረ ይታይ። እኔ የምለው፣ ኮከብ ለእንግዳ ሲያሳይ በዚያ እንዳይጀምር ነው።

ወደ ሌላው ልለፍ። ጋሼ፣ የኔን ነገር ይንገሩኝ። ሌላው የስታር ትሬክ ተከታታይ፣ ዲፕ ስፔስ ናይን፣ መቼ ነው ብሉ ሬይ የሚሆነው? ካፒቴን ሲስኮን ጥርት አድርጌ ማየት እፈልጋለሁ። ጥቁር አባት፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ጋሽ_ኔጋቲቭ

ቡናዬ፣ የአክስትሽን ነገር ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። እኔ ያንን ክፍል ያየሁት የምስሉን ጥራት ብቻ እያየሁ ነው፣ ታሪኩን ሳልሰማ። ጥፋተኛ ነኝ።

ሲስኮ እንግዲህ ዲቪዲ ላይ ነው ያለው፣ እስካሁን። ሌላኛው የስታር ትሬክ ተከታታይ ቮዬጀርም እንደዚያው። እነሱም ፊልም ላይ ተቀርጸው ቴፕ ላይ ያለቁ ናቸው። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ እንዲያውም ይከፋል። ወደ ኋላ ሲሄድ ጦርነቱ ሁሉ በኮምፒውተር ነው የተሣለው፣ ለዚያ ዘመን ቴሌቪዥን በሚበቃ መጠን። መቶ መርከብ የሚዋጋበትን ሁሉ እንደገና መሣል ነው። ወጪው ብዙ ነው። የኔክስት ጀነሬሽን ዲስኮች ሲያልቁ ደግሞ ሰው ፊቱን ከዲስክ ወደ ኢንተርኔት አዙሮ ነበር። ስለ ዲፕ ስፔስ ናይን በተሠራው የ2018ቱ ዘጋቢ ፊልም ላይ የተወሰኑ ትዕይንቶችን ከኔጋቲቭ አጥበው አሳዩ። አየሽው? ሲስኮ በሩን ከፍቶ የገባ ነው የሚመስለው። ኔጋቲቩ እንዳለ ታውቋል እንግዲህ። ሣጥን የሚከፍት ጠፋ እንጂ።

ኮከብ_ቆጣሪ

ፋሲካ አለፈ፣ ዶሮው ተበላ፣ ዲስኩ ገባ!

መጀመሪያ የቴክኒኩን። አሜሪካና እኛ የብሉ ሬይ ክልላችን ይለያያል። እነሱ ኤ ናቸው፣ እኛ ከአውሮፓ ጋር ቢ። እንዳልቸገር ብዬ ፒኤስ 4 (ብሉ ሬይም የሚያጫውት የጌም ማሽን) ከአሜሪካ የመጣለት ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ጌም የሚጫወቱ ሦስት ልጆች ነበሩ፣ በሁለት አምቦ ውሃና በአንድ ሚሪንዳ አስነሳኋቸው።

ዲስኩ ገባ። የመጀመሪያው ነገር፣ ጓደኛዬ "ግራና ቀኙ ለምን ጠቆረ? ቴሌቪዥኔ ተበላሸ?" አለ። አልተበላሸም። ያኔ የተቀረጸው 4 ለ 3 ለሆነው ካሬ ቴሌቪዥን ነው፤ እንደዚያው ትተውታል። ጎኑን ቢከፍቱት መብራት የያዙ ሰዎች ይታዩ ነበር።

ከዚያ መርከቧ መጣች። ዝም አልን። ሳህኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበብኩት፣ 1701 ዲ። ለዓመታት እዚያ ቁጥር እንዳለ አውቅ ነበር፣ አንብቤው ግን አላውቅም። የፒካርድ ጭንቅላት ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ፣ ልብሳቸው ላይ ስፌቱ፣ ምንጣፉ ላይ ጫማ የረገጠው ቦታ። ከበስተጀርባ ባሉት መቆጣጠሪያዎች ላይ ነጸብራቅ እንዳይመታ ጥቁር ካርቶን ለጥፈዋል፤ እሱም ታየ! ማንም አያየውም ብለው ነው። በቴፕ ዘመን ማን ያየው ነበር?

ያቺ የሞተች እናት... ይቅርታ፣ ልጇ የሞተባት እናት፣ ጋሼ የነገሩን፣ እሷ ናት ትዝ ያለችኝ።

የአጎቴ ልጅ ሊያሾፍ ነበር አብሮኝ የሄደው። ታሻ የሞተችበትን ክፍል እስክናይ ድረስ ተቀምጦ "ተዋናይዋ በራሷ ፈቃድ ነው የወጣችው? ለምን?" ይለኛል። ሲመለስ ሁለተኛውን ሲዝን ሊፈልግ ነው። ሰባተኛ ዲስክ፣ የድምፁን ምክርሽን ተጠቅሜያለሁ፣ ስቴሪዮ ላይ አደረግኩት።

የሳሪስ_ልጅ

ዲቪዲውስ? እኔ ፍላሽ ነው ብዬ ነበር፣ ግን አሁን... ለነገሩ ሰባት ዲስክ መደርደሪያ ላይ ደስ ይላል።

ኮከብ_ቆጣሪ

ያንተ ነው፣ ቅዳሜ ሳሪስ እመጣለሁ። የመጀመሪያውን ዲስክ ብቻ አስቀርቻለሁ፣ ለማወዳደር። ስድስት ይበቃሃል፣ አትነጫነጭ።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የታላቅ እህቴ የሠርግ ካሴት ትዝ አለኝ። የ1988 ሠርግ ነው፣ ይሄ በኛ ዓመተ ምሕረት። ቪኤችኤስ ነው። እናታችን እዚያ ላይ ስትጨፍር አለች፤ ሌላ የምትንቀሳቀስበት ምስል የለንም። ካሴቱን ባወጣው መስኮቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይታያል። እሱስ እንደዚህ ሊጠራ ይችላል?

ጋሽ_ኔጋቲቭ

ልጄ፣ መጀመሪያ ማጫወቻ ውስጥ እንዳትከተው። ያ ነጭ ነገር ሻጋታ ነው። አንዴ ከዞረ ቴፑንም ማጫወቻውንም ይጨርሳል። ደረቅ ቦታ፣ በቁመቱ አቁመው። ቴፕ የሚያጸዳና ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው ፈልግ፤ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ያጫውተው፣ አንድ ጊዜ ይገልብጠው። ሲወጣ ጥርት ይላል ብለህ እንዳትጠብቅ። የተቀረጸው በቀጥታ ቴፕ ላይ ነው። ከጀርባው ፊልም የለውም። ያለው እዚያው ያለው ነው። ግን እናትህ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፃቸውም አለ።

ፎቶዎቹ ግን ሌላ ናቸው። በዚያ ዓመት የሠርግ ፎቶ የሚነሳው በፊልም ነው። ፎቶ ቤቱ ኔጋቲቩን ያስቀምጥ ነበር። ጠይቀህ ታውቃለህ?

ኮከብ_ቆጣሪ

ፒያሳ ነበር ጋሼ። ባለፈው ሄጄ አየሁት፣ ሕንጻው ፈርሷል። አሁን መንገድ ነው።

ጋሽ_ኔጋቲቭ

የፎቶ ቤቱን ስም በውስጥ መስመር ላክልኝ። አልበሙ ጀርባ ላይ ማህተም ይኖራል። ያኔ ፒያሳ የነበርን ሰዎች እንተዋወቃለን፤ ሕንጻው ሲፈርስ ሣጥኖቹን ማን እንደጫናቸው የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።